ከአንድ ዓይነት ምሳ ዕቃ የሚበሉ ሁለት ልጆች

የአዲስ አበባ ሰው ዱከም ሲባል ትዝ የሚለው ጥሬ ሥጋ ነው። እኔም አልጠላውም፤ የከተማዬ ስም በመብል መነሳቱም አያሳፍረኝም። ግን እሑድ ከቀትር በኋላ አስፋልት ዳር ካሉት ሥጋ ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ የሚል ሰው እስቲ ልጆቹን ልብ ይበል። ወላጆች ቁርጡን በአዋዜ ያጣጥማሉ። የአራት ዓመቱ ልጅ ጥሬ ሥጋ ስለማይበላ፣ እንዳያስቸግርም፣ ለስላሳ ይከፈትለታል፤ ሲጨርስ ሌላ ይደገማል። ባለ 300 ሚሊ ሊትሩ ጠርሙስ 30 ግራም ያህል ስኳር አለው፤ በሻይ ማንኪያ ሰባት ስምንት ይሆናል። ያን ያህል ስኳር ሻዩ ላይ ቢጨመርለት እናቱ ጉድ ትል ነበር።

እዚሁ ከተማ ኬጂ አስተምራለሁ። በምሳ ሰዓት ክዳኑ እምቢ ያላቸው ልጆች ምሳ ዕቃቸውን ይዘው ወደ እኔ ስለሚመጡ፣ የብዙ ቤት ጓዳ ሳልጋበዝ አያለሁ። ክሬም ያለው ብስኩት፣ በዘይት የራሰ ማካሮኒ፣ በላስቲክ የታሸገ ባለ ቀለም ውኃ፤ እሱንም ጁስ ይሉታል። ልጁ የላስቲኩን ጫፍ በጥርሱ ቀዶ ይመጠዋል፣ ብስኩቱን ይበላል፣ ማካሮኒው እንዳለ ወደ ቤት ይመለሳል። እናቲቱን ስጠይቃት «ሚስ፣ ምን ላድርግ፣ ሌላ አይበላልኝም» አለችኝ። ኢንዱስትሪ ዞኑ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ሰርቪሱ የሚመጣው ገና ሳይነጋ ነው። አልፈርድባትም፤ ብስኩት እሳት አይፈልግም።

በዚህ አገር ስለ ልጆች ውፍረት ማውራት ቅብጠት ነው የሚሉኝ አሉ። ቁጥሩ የሚደግፈው እነሱን ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች 37 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ፤ ከልክ ያለፈ ክብደት የነበራቸው ግን 2 በመቶ ገደማ ናቸው። በ2007 ዓ.ም. የሰቆጣ ቃል ኪዳን የተገባውም መቀንጨርን ለማጥፋት ነው። ክፍሌ ውስጥ ግን የከሳውም የወፈረውም ልጅ የሚከፍቱት አንድ ዓይነት ምሳ ዕቃ ነው። ብስኩትና ለስላሳ ሆድ ይሞላሉ እንጂ ገላ አይገነቡም። ማታ ቤቱ በቂ ምግብ የማያገኘው በዚያው ይቀጭጫል፤ በላዩ ላይ የሚደረብለት ይወፍራል። ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ዙሪያ ከ5 እስከ 19 ዓመት ካሉት መካከል ከልክ በላይ የወፈሩት ከከሱት መብለጣቸውን ገልጿል፤ 9.4 በመቶ ለ9.2። ከዚህ የተረፉት ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮችና ደቡብ እስያ ናቸው። እኛ ገና ከተረፉት ወገን ነን፤ ስለ ጉዳዩ መነጋገር ያለብንም ሳይደርስብን ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ኬጂ ከመግባታቸው በፊት ነው። ሕፃን ሲወፍር ጎረቤቱ «እሰይ፣ ጉንጩ ሞላ» ይላል፤ ሲቀጥን እናቱ ትታማለች። ሐሜቱን ለመሸሽ ስኳር የበዛበት አጥሚት በጡጦ ይሰጠዋል። ከስድስት ወሩ ጀምሮ አፉ የለመደው ጣፋጭ ከሆነ፣ ሦስት ዓመት ሲሞላው ጎመን ቢተፋ ምን ይገርማል? ልጅ አዲስ ምግብ እስኪለምድ ስምንትም አሥርም ጊዜ መቅመስ ሊኖርበት ይችላል። እኛ ሁለቴ ሲተፋ «አይወድም» ብለን እንተወዋለን።

የሚያናድደኝ የምንኖረው የት እንደሆነ ሳስብ ነው። ዙሪያችን ያለው አድአ የጤፍና የሽምብራ አገር ነው። እሸቱ ሲደርስ ሽምብራው መንገድ ዳር በእስር በእስር ይሸጣል፤ ሲደርቅም ቆሎ ነው፣ ንፍሮ ነው፣ ሽሮ ነው። አንዲት ተማሪዬ አንድ ቀን የሽምብራ ንፍሮ ይዛ መጣች። ክዳኑን በግራ እጇ ገርበብ አድርጋ ይዛ፣ በቀኟ አንድ አንድ ፍሬ እየለቀመች ደብቃ ትበላ ነበር። ለካ ከጎኗ ያለው ልጅ «የገጠር ምግብ» ብሏታል። ያን ነገር የአምስት ዓመት ልጅ ከራሱ አያመነጨውም። የታሸገ ነገር የኑሮ ደረጃ ማሳያ ያደረግነው ትልልቆቹ ነን።

ስለዚህ እናቶችን ብቻ መምከር አይበቃም፤ ትምህርት ቤቶችም ራሳችንን እንይ። ለጎበዝ ተማሪ ከረሜላ የምንሸልመው እኛ ነን። በልደት ቀን ኬክና ለስላሳ ካልመጣ ቅር የምንሰኘውም እኛው። ቺሊ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ስኳር፣ ጨውና ስብ የበዛባቸውን ምግቦች በጥቁር ምልክት ለይታ ትምህርት ቤት ውስጥ እንዳይሸጡ ከልክላለች። እኛ አዋጅ እስኪወጣ መጠበቅ የለብንም። የግል ኬጂዎች በምዝገባ ጊዜ ለወላጅ የሚሰጡት ወረቀት አለ፤ ስንት ደብተር፣ ስንት ሶፍት፣ ስንት ሳሙና እንደሚያስፈልግ አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ለመጪው መስከረም አንድ መስመር ይጨመርበት፦ ለስላሳና የታሸገ ጣፋጭ አንቀበልም፤ ውኃ፣ ቆሎ ወይም ንፍሮ ይላክ።