ልጁን በጓዳ የደበቀው ማነው?

በዚህ ግቢ ውስጥ የአካል ጉዳተኞች ነገር በተነሣ ቁጥር አንድ ዐይነት ፍርድ ሲሰጥ እንሰማለን። «ባላገሩ ልጁ ዐይነ ስውር ወይም ሽባ የሆነበት እንደ ሆነ የእግዜር ቁጣ መስሎት ከጎተራ ኋላ ይደብቀዋል፤ ባላገሩ እስኪነቃ ድረስ ምን ይደረጋል?» ይባላል። ይህን የሚሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም። አንዳንዶቹ መምህሮቻችን ናቸው። አንዳንዶቹም እንደ እኛው ከገበዝ ማርያም፣ ከቡሬ፣ ከፍኖተ ሰላም ገጠር ስንቃቸውን ተሸክመው ሁለተኛ ደረጃ የጨረሱ፣ ዛሬ ግን የወጡበትን ደጅ በሩቁ የሚመለከቱ ጓደኞቻችን ናቸው። እኛ የዚያው አገር ልጆች ነን፤ በቤቱ ዐይኗ የጠፋ አያት ወይም እግሩ ያበጠ አጎት ወይም መስማት የተሳናት እኅት የሌለችበት ከመካከላችን ጥቂት ነው። ስለዚህ ይህን ፍርድ በዝምታ ልናልፈው አልቻልንም። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው።

በመጀመሪያ ያለውን እንመን። መደበቅ አለ። እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ የሚገባ፣ በክርስትናና በሠርግ ቀን ከጎረቤት የሚውል ልጅ አለ። ግን ለምን ይደበቃል? «ኋላ ቀርነት ነው» ብሎ መመለስ ቀላል ነው፤ ቃሉ ብዙ ሥራ ያስቀራልና። ሦስት ሴቶች ልጆች ያሏት እናት አንዱ ወንድማቸው መስማት የተሳነው መሆኑ የታወቀ እንደ ሆነ «ዘራቸው ነው» ተብሎ ሽማግሌ ደጇን እንደማይረግጥ ታውቃለች። ልጁን ብታወጣውስ ምን ታገኛለች? ወደ ትምህርት ቤት ብትወስደው «እሱን የሚያስተምር አስተማሪ የለንም» ይሏታል። ወደ ወረዳ ብትሄድ «ከቀበሌ ደብዳቤ አምጪ» ትባላለች፤ ደብዳቤውን ይዛ ስትመለስ «በጀት የለም» ትባላለች። ይህን መንገድ አንድ ጊዜ ሄዳ የተመለሰች ሴት ዳግመኛ ባትሄድ አላዋቂ ልንላት ነውን? እኛ እንደሚመስለን ሒሳቡን ከኛ ይልቅ አጥርታ የምታውቀው እሷ ናት።

ደግሞስ የሚደብቀው ባላገር ብቻ ነውን? በ1999 ዓ.ም. የተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በመላው ኢትዮጵያ ያገኘሁት አካል ጉዳተኛ 864,218 ነው አለ፤ ከመቶ 1.17 መሆኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ዘገባ ደግሞ የኢትዮጵያ ቁጥር ከዐዋቂው ሕዝብ ከመቶ 17.6 ሆኖ ተመዝግቧል። አጠያየቁ አንድ ዐይነት እንዳልሆነ እናውቃለን። «በቤታችሁ ጉዳተኛ አለ?» ቢሉት «የለም» የሚል አባወራ፣ «ለማየት ወይም ለመራመድ የሚቸገር አለ?» ቢሉት ሌላ መልስ ይሰጣል። ቢሆንም በ1 እና በ17 መካከል ያለው ሕዝብ ከጎተራ ኋላ የሚደበቅ ሕዝብ አይደለም፤ ለዚያ የሚበቃ ጎተራ በጎጃምም አልተሠራ። ይህን ሕዝብ የደበቀው ወረቀት ነው። ከ1999 ወዲህም አገሪቱ ሌላ የሕዝብ ቆጠራ አላደረገችም። ያልተቆጠረ ሰው ደግሞ በጀት አይያዝለትም።

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ። በ1998 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገው የዐይን ጤና ጥናት ከሕዝቡ ከመቶ 1.6ቱ ዐይነ ስውር መሆኑን፣ ከዚህም ውስጥ ከመቶ 87 የሚሆነው አስቀድሞ ሊከላከሉት ወይም ሊያድኑት በሚቻል ምክንያት የመጣ መሆኑን ገለጠ። በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆናቸው ሕፃናት ከመቶ 62ቱ በዚያን ጊዜ ማዝ ይዟቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ መድኃኒት በየጊዜው ስለ ታደለ በብዙ ወረዳ በሽታው ቀንሷል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን የቀድሞው ማዝ ያቈሰለው ዐይን በክኒን አይመለስም። ማዝ ከሕፃን ወደ እናት በእጅ፣ በዝንብና በነጠላ ጫፍ ይተላለፋል። ደጋግሞ የያዛት ሴት የዐይኗ ቆብ ወደ ውስጥ ይቀለበስና የገዛ ሽፋሽፍቷ ብሌኗን ይፍቀዋል። እናቶቻችን በወረንጦ ሲነቅሉት የኖሩት ይህንኑ ነው። ቆቡን የሚያቀናው ኦፕራሲዮን በጤና ጣቢያ ውስጥ በአጭር ጊዜ የሚፈጸም ሥራ ሆኖ ሳለ፣ በጊዜው ያልደረሰላት ዐይኗን ታጣለች። ያጣችውም ልጆች ስታሳድግ ነው።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። እሷ ዐይኗን ባጣች ማግስት የዱላዋን ጫፍ የሚይዝ አንድ ልጅ ከትምህርት ቤት ይቀራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ትንሹ፣ ወይም ሴቷ። ወደ ቤተ ክርስቲያን ይመራታል፣ ወደ ወንዝ ይመራታል፣ ለቅሶ ይመራታል። እኛ አንድ ዐይነ ስውር ብለን የመዘገብነው ቤት ሁለት ሰው አጥቷል። የልጁ ስም ግን በየትኛውም የአካል ጉዳተኞች መዝገብ አይገኝም። አካል ጉዳተኛን መርዳት ቤተ ሰቡን መርዳት ነው የምንለው ለዚህ ነው።

ሌላው የአገራችን ጉዳይ ዝሆኔ ነው። ቀይ አፈር በባዶ እግር ሲረገጥ የኖረ ሰው እግሩ ያብጣል፤ ጣቶቹ ይዘጋሉ፤ ቁስሉ ይሸታል። እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣ ጥናት እንደ ተረዳነው፣ በደምበጫና በደብረ ኤልያስ ወረዳዎች ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት ሰዎች ከመቶ 3.3ቱ ይህ ሕመም አለባቸው። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ከአፈሩ ጋር ያለውን ግንኙነት በኢትዮጵያ ውስጥ ሲመረምር ከቆየ ግማሽ ምእት ዓመት አልፏል። ዛሬም ግን «ዘር ነው፣ ይጋባል፣ እርግማን ነው» ይባላል። አይጋባም። ከቤተ ሰብ የሚወረስ ተጋላጭነት እንዳለ ሳይንስ ይናገራል፤ ነገር ግን ጫማ ያልተለየው እግር በዚህ አፈር አያብጥም። እንግዲህ በየማኅበሩ «ከእነ እገሌ ቤት አትጋቡ» እያለ የሚመክር ሰው የኮንጎ ጫማ ገዝቶ ቢሰጥ ኖሮ የበለጠ በጠቀመ ነበር።

ሕክምናውስ ምንድን ነው? በምሥራቅ ጎጃም በአነደድ ወረዳ 696 ሕመምተኞች የተካፈሉበትና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ምርምር አለ። የተሞከረው እግርን በየቀኑ በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ነው። በዚህ ብቻ ሕመምተኛውን በትኩሳት ጥሎ ለቀናት ከመኝታ የሚያውለው ግርሻት ቀነሰ። ልብ በሉ! ውሃውን ከምንጭ የምትቀዳው፣ የምታሞቀው፣ እግሩን ዝቅ ብላ የምታጥበው ሚስት ወይም ልጅ ናት። ሆስፒታሉ ቤቱ ነው፤ ነርሷ ደመወዝ የላትም። ታዲያ ለዚች ነርስ ሳሙናውንና ፋሻውን ማቅረብ ያቃተው አገር «ባላገሩ ይንቃ» ብሎ ሊሰብክላት ይገባልን?

ከኋላ ቀርነት ክስ ሳንወጣ አንድ ነገር እንጨምር። በጎጃም የቅኔ ቤቶች ዐይነ ስውር ተማሪና ዐይነ ስውር የኔታ እንግዳ ሆነው አያውቁም። ትምህርቱ በቃል የሚነገር፣ በቃል የሚያዝ ስለ ሆነ ዐይነ ስውሩ ከጓደኛው አያንስም። ቅኔውን ይዘርፋል፣ ይቀኛል፣ ጕባኤ ይዘረጋል። ኮፈዳውን አንጠልጥሎ ቢለምንም ሁሉም ተማሪ ይለምናልና ለብቻው የሚያፍርበት ነገር የለም። ያ ትምህርት ቤት ለሁሉ በቂ ነበር አንልም፤ ሴቷንና መስማት የተሳነውን በአብዛኛው በውጭ አስቀርቷል። ነገር ግን አንድ የሣር ጎጆ ለዐይነ ስውር ልጅ የሰጠውን ቦታ፣ ባለ አምስት ፎቁ ዘመናዊ ተቋም ሊሰጠው ሲያቅተው ኋላ ቀሩ የትኛው ነው?

ሕግ የለም እንዳይባል ሕጉ ሞልቷል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን ያቋቁማል፣ ይረዳል ይላል። አዋጅ ቁጥር 568/2000 በሥራ ቅጥር ላይ አድልዎ ተፈጸመብኝ የሚለውን ሰው የማስረጃ ሸክም ወደ አሠሪው ያዞርለታል። የ2001ዱ የሕንፃ አዋጅ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ሁሉ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድና ደረጃ መውጣት ለማይችል ሰው የሚመች መግቢያ እንዲኖረው ያዛል። በ2002 ዓ.ም. አገሪቱ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አጸደቀች። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ መጻሕፍትን ዐይነ ስውራን ሊያነቡት በሚችሉት መልክ ያለ ደራሲው ፈቃድ ማባዛት የሚያስችለውን የማራኬሽ ውል ተቀበለች። ይህን ሁሉ አዋጅ ደርድረን ብንወጣበት ሦስተኛ ፎቅ ያደርሰን ነበር፤ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄደው ጓደኛችን ግን ዛሬም ደረጃው ሥር ነው።

የተጻፈ ጥበቃ እንኳ ወደ እንቅፋት ሲለወጥ አይተናል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1728 የዐይነ ስውር ፊርማ በዳኛ ወይም በሚመለከተው ሹም ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል፤ እንዳይታለል ነው። ከመካከላችን አንዱ ግን ከአንድ የባንክ መስኮት የገዛ ገንዘቡን ሊያወጣ ቢቀርብ «ምስክር ይዘህ ና» ተባለ። ምስክሩም ስንት እንዳለው አወቀ። እንዲህ ዐይነቱን ጥበቃ ሌባም አይመኘው።

«እነዚህ ትንንሽ ጥያቄዎች ናቸው፤ ትልቁ ጥያቄ ሲፈታ እነሱም ይፈታሉ» የሚሉን ወንድሞች አሉ። ከእነሱ ጋር የምንለያየው እዚህ ላይ ነው። ትልቁ ጥያቄ ሲንከባለል በየዘመኑ አዲስ አካል ጉዳተኛ ሲያፈራ እንጂ የቀድሞውን ሲያነሣ አላየንም። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በፍኖተ ሰላም ከተማ በደረሰው ፍንዳታ ቢያንስ 26 ሰዎች ሲሞቱ ከ50 በላይ እንደ ቆሰሉ አንድ የሆስፒታል ባለሥልጣን ለዜና ወኪሎች ተናግሮ ነበር። የሞቱት ተቀበሩ። የቆሰሉትስ ወዴት ሄዱ? ወደየቤታቸው፤ ወደ እናታቸው፣ ወደ ሚስታቸው። ከዚያም ወዲህ በክልላችን በቀጠለው ጦርነት መንገድ ሲዘጋ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ መድኃኒት ሲጠፋ ለመሸሽ የማይችለው ማን እንደ ሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። በሽሽት ቀን ሽባውን በጀርባው ያዘለው ወንድሙ እንጂ ቢሮ አልነበረም።

አገር ሲፈልግ እንደሚችል ደግሞ እናውቃለን። አበበ ቢቂላ በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሲሽመደመድ ወደ እንግሊዝ አገር ተልኮ በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ታከመ፤ እ.ኤ.አ. በ1970ም በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ በቀስት ውድድር ተሰለፈ። ይገባዋል። ለቡሬ ገበሬ ልጅ ግን አንድ ጥንድ ክራንች ሲጠየቅ «ጀግና ነውን?» የሚባል ይመስላል። የትነበርሽ ንጉሤን ተመልከቱ። በወሎ፣ በአማራ ሳይንት ተወልዳ በ5 ዓመቷ ዐይኗን አጣች። በሻሸመኔ የዐይነ ስውራን ትምህርት ቤት ገብታ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጥንታ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበለች። እሷ ራሷ ዐይነ ስውርነቷ ከልጅነት ጋብቻ እንዳዳናት ተናግራለች። ብዙዎች ታሪኩን «ጠንካራ ናት» ለማለት ብቻ ይጠቅሱታል። እኛ የምንጠቅሰው ከአገሯ ርቆም ቢሆን አንድ የተከፈተ ትምህርት ቤት ስለ ነበረ ነው። በየወረዳው አንድ ቢከፈት ኖሮ ስንት የሕግ ባለሙያ ይወጣ እንደ ነበር የሚቈጥር ይቍጠር።

ስለዚህ ከኅብረታችን የምንጠይቀው ይህ ነው። ለፈተና አንባቢ መመደብ እስከ ዛሬ በጓደኛ ደግነት የሚሠራ ነገር ሆኖ ቆይቷል፤ አስተዳደሩ በደንብ ያውጣው፣ አንባቢውም ይከፈለው። መምህራን የሚያድሉትን ጽሑፍ ሁሉ በድምፅ ወይም በኮምፒዩተር በሚነበብ መልክ ይስጡ፤ ውሉ ስለ ተፈረመ «ፈቃድ የለኝም» ማለት አይሠራም። የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ አንድ ሰው በመዝጋቢው ክፍል ይቀመጥ።

ከራሳችንም የምንጠብቀው አለ። መንገድ በተከፈተልን ክረምት ወደየቤታችን ስንገባ አዋጆቹን ይዘን እንግባ። የእናቶቻችንን ማመልከቻ እኛ እንጻፍ። በመስከረም የምዝገባ ቀን ወንድማችንን ወይም እኅታችንን ይዘን ትምህርት ቤቱ ደጅ እንቁም፤ አንቀበልም ካሉ ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጡን እንጠይቅ። የቃል እምቢታ ለሰሚው ብቻ ነው፤ የጽሑፍ እምቢታ ግን ፍርድ ቤት ይደርሳል። እግር የምታጥበውን እኅታችንን ለአንድ ወር ተክተን እንጠብ፤ የዱላውን ጫፍም ከትንሹ ልጅ እንቀበል፤ በመስከረም እሱ ትምህርት ቤት ይገባ ዘንድ የሚተካውን ሰው ከዘመድ መካከል እስክናገኝ ድረስ። ያየነውንም በስም ሳይሆን በቁጥር ጽፈን በጥቅምት ለዚሁ ጋዜጣ እናምጣ፤ በየቀበሌው ስንት ልጅ ዱላ እንደሚመራ፣ ስንቱ ከምዝገባ እንደ ተመለሰ።

ይህ ጉዳይ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ በአጀንዳ እንዲያዝ ለሥራ አስፈጻሚው ጥያቄያችንን አቅርበናል። ስብሰባው ግን በምድር ቤቱ አዳራሽ ይደረግ። በሦስተኛው ፎቅ የተደረገ እንደ ሆነ ጉዳዩ የሚመለከታቸው ሊገኙ አይችሉም።