«እምብዛም አያጋጥምም» የሚሉት ሰበብ

አንዲት የኮምቦልቻ እናት የአራት ዓመት ልጇን አዝላ ደሴ ወጣች እንበል። የመጀመሪያውን ስብራት ወጌሻ አሽቶ በቀርከሃ ጠፍሮታል። ሁለተኛው በጄሶ ድኗል። አሁን ደግሞ ጭኑ ነው። የአጥንት ሐኪሙ ጭኑን ያያል፤ የሕፃናት ሐኪሙ ክብደቱን፤ የሚፈረፈር ጥርሱን የጥርስ ሐኪሙ። ጎረቤት ደግሞ እናትየዋን ያያታል፦ «ምን አድርጋው ነው?»

ሦስቱን ስብራት አንድ ላይ አስቀምጦ የጠየቀ ግን የለም።

ይህ ኦስቲዮጀነሲስ ኢምፐርፌክታ የሚባለው በሽታ ሊሆን ይችላል። የአጥንት ማገር የሆነው ኮላጅን በተፈጥሮው ሲጎድል ወይም ሲበላሽ የሚመጣ ነው። በዓለም ደረጃ ከ15 እስከ 20 ሺህ ከሚወለዱ ልጆች አንዱን ይይዛል ተብሎ ይገመታል። «ታዲያ እምብዛም ነዋ!» ይባላል። በ1999ኙ ቆጠራ የደቡብ ወሎ ሕዝብ ከ2.5 ሚሊዮን በላይ ነበር። አካፍሉት፤ ከመቶ በላይ ሰው ይወጣል። (ብርቅዬ የሚለው ቃል ለዋልያ ያምራል፤ ለበሽታ ሲሆን ግን መዝገብ ላለመክፈት ጥሩ ምክንያት ሆኗል።)

የተጣመመ እግርም አለ። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ የአዲስ አበባ ጥናት የሳንባ ምች ከያዛቸው 500 ሕፃናት 42 በመቶው ሪኬትስ እንደነበረባቸው አሳይቷል፤ ምች ካልያዛቸው 500ዎቹ ግን 4 በመቶው ብቻ። ስለዚህ የተጣመመ እግር ሲያዩ «ፀሐይ አሙቂው» ማለት ብዙ ጊዜ ትክክል ነው። ኩላሊቱ ፎስፌት የሚያፈስበት ልጅ ግን ፀሐይም ቫይታሚን ዲም ብቻውን አያድነውም። ጥርጣሬውን የሚያነሳው የፎስፌት የደም ምርመራ ነው። ያ ሳይታይና ደሙ ሳይስተካከል እግሩ በቀዶ ሕክምና ቢቃና ተመልሶ ሊጣመም ይችላል። ቀዶ ሐኪሙና የሕፃናት ሐኪሙ ቀድመው ካልተነጋገሩ ልጁ ሁለቴ ይቀደዳል። በኦስቲዮጀነሲስም እንዲሁ ነው፦ አጥንት የሚያጠነክረው መድኃኒት፣ አጥንት ውስጥ የሚገባው ብረት፣ ፊዚዮቴራፒውና የጆሮ ምርመራው ተራና ጊዜ አላቸው።

አውሮፓውያን እ.ኤ.አ. በ2017 ለብርቅዬ በሽታዎች 24 መረቦች ሲዘረጉ አንዱ የአጥንት ነበር፤ ማስተባበሪያው የጣሊያኗ ቦሎኛ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ከአገር አገር የሚዞረው በሽተኛው ሳይሆን ፋይሉ ይሁን።

ደሴ ምን ጎደላት? ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አላት። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ኮሌጅ አላት። የአካል ተሃድሶ ማዕከል አላት። 25 ኪሎ ሜትር ወረድ ሲሉ ኮምቦልቻ የዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ተቋም አለ፤ መዝገቡን በኮምፒውተር የሚያደራጅ፣ ለልጆቹ ድጋፍ የሚነድፍ መሐንዲስ ከዚያ አይጠፋም። ቦሩ ሜዳም ቅርብ ነው፤ በሥጋ ደዌ ሕክምና የታወቀ ሆስፒታል ነው። ሥጋ ደዌ ደግሞ ቆዳን፣ ነርቭን፣ ዓይንን፣ ጫማ ሠሪን ሳይቀር በአንድ በሽተኛ ዙሪያ የሚሰበስብ በሽታ ነው። ወሎ ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለም።

«ጦርነቱስ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ በ2014 የደሴና የኮምቦልቻ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። የተዘረፈው ግን ማሽንና አልጋ ነው። በወር አንድ ከሰዓት በኋላ የአጥንት፣ የሕፃናት፣ የጥርስና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው የአንድ ልጅ ካርድ ለመግለጥ ማሽን አይጠይቅም። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ አጣን የሚሉ ተማሪዎችም መዝገቡ ላይ ይቀመጡ።

እናትየዋ እስከዚያው 400 ኪሎ ሜትር ተጉዛ አዲስ አበባ ትገባለች፤ እዚያም ከየት እንደጀመረ ትጠየቃለች። የሆስፒታሉ፣ የዩኒቨርሲቲውና የጤና መምሪያው ኃላፊዎች፣ የመጀመሪያው ስብሰባ ቀን መቼ ነው?