ልጅ ቤት ጠባቂ የሚሆነው በስንት ዓመቱ ነው?

ዓባይ ማዶ ተከራይተው መሀል ባሕር ዳር የሚሠሩ ባልና ሚስት በየጠዋቱ የሚሠሩት ሂሳብ አለ። የቤት ሠራተኛዋ ከወጣች ሰንብታለች፤ ደላላው ቃል ከመግባት በቀር ያመጣው ነገር የለም። ቢያመጣም የምትጠይቀው ደመወዝ፣ ምግቧና የደላላው ድርሻ ሲደመር ከሚስትየዋ ደመወዝ የሚተርፈው የባጃጅ ቢሆን ነው። የአሥር ዓመቱ ልጅ ደግሞ የከሰዓት ፈረቃ ተማሪ ነው። እስከ ስድስት ሰዓት ብቻውን ይቆይ ወይስ እናቱ ሥራ ታቁም?

ጥያቄውን ያመጣው ገበያው ነው። መንግሥት ወደ ዓረብ አገሮች የሚደረገውን የሥራ ጉዞ በጥቅምት 2006 ዓ.ም. አግዶ፣ እገዳውን በ2010 ዓ.ም. አንሥቷል። በእገዳው ዘመንም ቢሆን በጓሮ በር መሄዱ አልቆመም። እናም ዛሬ ከገጠር የመጣች ወጣት ዓባይ ማዶ የሚከፈላትን የምታወዳድረው ከፋሲሎ ሰፈር ጋር ሳይሆን ከሪያድና ከጂዳ ጋር ነው። ለዚህ ማንም ሊወቅሳት አይችልም።

ሕጉን ገልጦ መልስ የሚፈልግ ወላጅ ብዙ አያገኝም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ዘጠኝ ዓመት ያልሞላውን ሕፃን በወንጀል አይጠይቅም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። ልጅ ብቻውን ቤት የሚውልበትን ዕድሜ ቆርጦ ያስቀመጠ አንቀጽ ግን የለም። እንግሊዞችም ቢሆኑ በሕጋቸው ቁጥር አላስቀመጡም፤ ልጁን ለአደጋ አጋልጦ የተወ ወላጅ ግን ይጠየቃል። የሕፃናት ጥበቃ ድርጅታቸውም ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅ ለረጅም ሰዓት ብቻውን ለመቆየት እምብዛም እንደማይበቃ ይመክራል።

በስንት ዓመቱ ከማለት ይልቅ ምን ተሰጥቶት ነው የሚቆየው ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ምሳው በምሳ ዕቃ ተዘጋጅቶለት የሚቆይ ልጅና ከሰል አያይዞ ወጥ እንዲያሞቅ የታዘዘ ልጅ አንድ አይደሉም። የከሰል ጋዝ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አዋቂውንም ይገድላል፤ ጭሱ አልቆ ፍሙ ከቀላ በኋላ ጭምር። ልጁ የእናቱን ስልክ ቁጥር በቃሉ ያውቃል? «እማዬ» የሚለውን ስም መጫን አይበቃም፤ ባትሪ ሲያልቅ ከሰው ስልክ መደወል ይችላል ወይ ነው ጥያቄው። መብራት ሲጠፋ ክብሪትና ሻማ ፍለጋ ይነሣል ወይስ መጋረጃውን ከፍቶ ቁጭ ይላል? «አባትህ ልኮኝ ነው» የሚል ሰው በር ቢያንኳኳስ? ይህ የሚታወቀው በምክር ብቻ አይደለም። መጀመሪያ ሱቅ ደርሶ በሃያ ደቂቃ መመለስ፣ ቀጥሎ አንድ ሰዓት፣ ቆይቶ ግማሽ ቀን እያሉ መሞከር ያስፈልጋል።

የሦስት ዓመት እህቱን አብሮ ተረክቦ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይለያል። ያኔ ልጁ ቤት የቀረ ልጅ መሆኑ ቀርቶ ደመወዝ የሌለው ሞግዚት ሆኗል።

ከውጭ ቆልፈው የሚሄዱ ወላጆችም አሉ። ፍርሃታቸው ይገባል። ወንዙ ቅርብ ነው፤ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ደግሞ ጉማሬ አለ፤ የሰፈር ልጅ «ዋና እንሂድ» ሲል እምቢ የሚል የአሥር ዓመት ልጅ ብርቅ ነው። ሆኖም ቁልፉ በእናት ቦርሳ ውስጥ ሆኖ ድልድዩን ከተሻገረ፣ ቤቱ ውስጥ እሳት ቢነሣ ልጁ መውጫ የለውም። ቁልፉ ከልጁ ጋር ወይም ከጎረቤት ዘንድ መቅረት አለበት። በዚህ ላይ ድርድር ሊኖር አይገባም።

ለዓባይ ማዶ ሰው ሌላም ጣጣ አለ። ቤቱና ሥራው በወንዝ ተለያይተዋል። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ ድልድይ መሻገሩን አቅልሎታል። ነገር ግን በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በከተማዋ ሰዓት እላፊ በታወጀ ጊዜ እንደታየው፣ «በአሥራ አንድ ሰዓት እመለሳለሁ» ማለት ሁልጊዜ በወላጅ እጅ ያለ ቃል አይደለም። ለአራት ሰዓት የበቃ ልጅ እናቱ ማዶ ብትቀር ለሌሊቱ በቅቷል ወይ? ማን ዘንድ ሄዶ እንደሚያድር ያልተነገረው ልጅ ገና አልተዘጋጀም፤ ወላጆቹም እንዲሁ።

በዚህ ጉዳይ የማይነሣ አንድ ነገር አለ። «የእኔ ልጅ 12 ዓመቱ ነው፤ ብቻውን አልተወውም» የሚል ቤተሰብ ደላላ ጋ ሄዶ የ13 ዓመት ልጅ ከገጠር ያስመጣል። ከዚያ ቤቱን፣ ከሰሉን፣ ምጣዱንና ያንኑ የ12 ዓመት ልጅ ለእሷ አስረክቦ ይወጣል። ስለ ከተማው የምታውቀው የለም፤ የምትደውልለት ሰውም የላትም። ለአንዱ ያልበቃ ዕድሜ ለሌላዋ እንዴት በቃ? አዋጁ የቤት ሠራተኞችን ሁኔታ ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ስለተወው ይህን ሂሳብ በየቤቱ የሚጠይቅ ተቆጣጣሪ አይመጣም። ርካሽ የሆነችውም ልጅ ስለሆነች ነው።

በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያደራጁ አዝዞ ነበር። መልካም ነው፤ ግን ለጨቅላ ነው፣ ለዚያውም ለቢሮ ሠራተኛ። ቅዳሜ ገበያ ሽንኩርት ለምትቸረችር እናት የደረሰ ነገር የለም።

በቅርብ ያለው ጎረቤት ነው። ተከራይ ቶሎ ቶሎ በሚቀያየርበት ሰፈር ግን በባዶ «አደራ» መሄድ የቆየውን ያህል አያስተማምንም፤ ውለታም ሲበዛ ያስቀይማል። በራቸው ላይ ጉሊት ዘርግተው የሚውሉ እናቶች በየመንደሩ አሉ። ሦስት ቤተሰቦች እያንዳንዳቸው የአንድ ሠራተኛን ደመወዝ ሲሶ ቢያዋጡ ሦስቱ ልጆች ጠባቂ ያገኛሉ፤ ጎረቤትየዋም ከደጃቸው ሳይርቁ ሙሉ ደመወዝ ይኖራቸዋል። ዋጋው፣ የመውሰጃው ሰዓትና ወላጅ ያመሸ ዕለት የሚጨመረው ሂሳብ ገና ሲጀመር መነገር አለበት።