ድምፁ ተሰማ፤ ስሙ ግን አልተመዘገበም

ዓርብ የካቲት 23 ቀን 2010 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በአንድ ከባድ ጉዳይ ላይ ለመወሰን ተቀመጠ። ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ሥልጣን ለመልቀቅ መጠየቃቸውን በገለጹ ማግስት የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ይጽና ወይስ ይውደቅ የሚል ነበር ጥያቄው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 እንዲህ ያለ ዐዋጅ የሁለት ሦስተኛ ድምፅ እንዲያገኝ ያዝዛል። በጊዜው ከነበሩት 539 አባላት ሁለት ሦስተኛው 360 ይሆናል። በጉባኤው የተነገረው ውጤት ግን 346 ድጋፍ፣ 88 ተቃውሞና 7 ድምፀ ተዓቅቦ ነበር። ሒሳቡን ያስተዋለ ሁሉ ዐዋጁ ወድቋል አለ። ጥቂት ቆይቶ የድጋፉ ቁጥር 395 ነው ተብሎ ታረመ።

ከሁለቱ ቁጥሮች የትኛው እውነት እንደሆነ እዚህ ላይ አንከራከርም። የሚያሳስበን ክርክሩ ሊፈታ የማይችል ሆኖ መቅረቱ ነው። እጅ ወጣ፤ እጅ ተቆጠረ፤ እጅ ወረደ። ማን ደግፎ ማን እንደተቃወመ የሚያሳይ የስም ዝርዝር ለሕዝብ ስላልቀረበ፣ ቁጥሩን ያረመው አካል እንዲታመን ከመጠየቅ በቀር ሌላ ማስረጃ አልነበረውም። ከዚህም በላይ የሚያስቆጨው የሰማንያ ስምንቱ ነገር ነው። በ2007 ዓ.ም. ምርጫ ገዥው ግንባርና አጋሮቹ 547ቱንም መቀመጫ ጠቅልለው በወሰዱበት ምክር ቤት፣ የገዛ ድርጅታቸው መንግሥት ያመጣውን ዐዋጅ በአደባባይ የተቃወሙ 88 እንደራሴዎች ተገኙ። መራጮቻቸው ሊያመሰግኗቸው ወይም ሊወቅሷቸው ቢፈልጉ እንኳ የሚያገላብጡት መዝገብ የለም።

ከ39 ቀናት በኋላ፣ ማክሰኞ ኤፕሪል 10 ቀን 2018 እ.ኤ.አ.፣ ያንኑ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ የሚመለከት ሌላ ውሳኔ በዋሽንግተን ተሰጠ። በኒው ጀርዚው እንደራሴ በክሪስ ስሚዝ ቀርቦ፣ በኮሎራዶው በማይክ ኮፍማንና በሌሎች ተደግፎ፣ ከመቶ በላይ እንደራሴዎች የፈረሙበት የውሳኔ ሐሳብ ቁጥር 128 በአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት አለፈ። ሰነዱ ዐዋጁ እንዲነሣ፣ የፖለቲካ እስረኞችና ጋዜጠኞች እንዲፈቱ፣ የሲቪክ ማኅበራትን እጅ የሚያስሩ ዐዋጆች እንዲሻሩ ጠየቀ፤ የሰብአዊ መብት በጣሾች ላይም በማግኒትስኪ ሕግ መሠረት ማዕቀብ እንዲታሰብ አሳሰበ። በየከተማው የሚኖረው ወገናችን ለዚህ ቀን ከዓመት በላይ ደክሟል። የውጭ ጉዳይ ኮሚቴው በጁላይ 2017 ካሳለፈው በኋላ፣ በኦክቶበር መግቢያ ለድምፅ ተይዞለት የነበረው ቀጠሮ ታጥፎበት ነበርና የኤፕሪሉ ደስታ ከልብ የመነጨ ነበር።

ሆኖም ያ ደስታ አንድ ነገር ጋርዶብናል። ውሳኔው ያለፈው የምክር ቤቱን መደበኛ ደንብ በማገድ ነው፤ ይህ ሥርዓት ክርክሩን በ40 ደቂቃ ይወስናል፤ ማሻሻያ አያስተናግድም፤ ለማለፍ ደግሞ የሁለት ሦስተኛ ድጋፍ ይፈልጋል። ድምፁ የተሰጠው በቃል ነው። ሰብሳቢው የሚደግፉ «አዎ» እንዲሉ፣ የሚቃወሙ «አይ» እንዲሉ ይጠይቃል፤ በጆሮው ግምት ሁለት ሦስተኛው መደገፉን ያውጃል፤ መዶሻው ያርፋል። እንግዲህ አዲስ አበባ ላይ ሁለት ሦስተኛው ተቆጥሮ አጠያያቂ ሆነ፤ ዋሽንግተን ላይ ደግሞ ከነአካቴው አልተቆጠረም። ሁለቱን ምክር ቤቶች በነፃነታቸው ለማወዳደር የሚደፍር የለም። በዚህች በአንዷ ነጥብ ግን ዜጋው እጅ ላይ የቀረው ያው ነው፦ ውጤት አለ፤ ስም የለም።

ጆርጂያ በተወካዮች ምክር ቤት 14 መቀመጫ አላት። ከእነዚህ መካከል በውሳኔ ሐሳቡ ላይ የፈረሙ ካሉ በስማቸው ማወቅ ይቻላል፤ በክርክሩ የተናገረም በኮንግረሱ መዝገብ ላይ ይገኛል። የቀረው እንደራሴ ያን ቀን «አዎ» ይበል «አይ»፣ ወይም ቢሮው ቁጭ ብሎ ምሳውን ይብላ፣ ማረጋገጫ የለንም። ስለዚህም በሚቀጥለው ምርጫ «እርስዎ በ128 ላይ እንዲህ ድምፅ ሰጥተዋል» ብለን ልንጠይቀው አንችልም።

እዚሁ አትላንታ ላይ፣ ጉልላቱ በዳሎኔጋ ወርቅ በተለበጠው የጆርጂያ ምክር ቤት፣ እንዲህ ማድረግ ክልክል መሆኑን ብዙዎቻችን ልብ አንለውም። የጆርጂያ ሕገ መንግሥት ማንኛውም ረቂቅ ሕግ እንዲጸድቅ ከተገኙት ሳይሆን ከመላው አባላት የአብዛኛውን ድምፅ እንዲያገኝ፣ ድምፁም በየምክር ቤቱ ቃለ ጉባኤ ላይ እንዲሰፍር ያስገድዳል። ከ180ው ተወካዮች 91፣ ከ56ቱ ሴናተሮች 29 ድምፅ ካልተመዘገበ ሕግ የለም። በዓመት 40 የሥራ ቀን ብቻ በሚሰበሰብ፣ በመጨረሻው ሌሊት ረቂቅ በረቂቅ ላይ በሚደረብበት ጉባኤ እንኳ እያንዳንዱ አባል ቁልፉን ይጫናል፤ ከስሙ ጎን አረንጓዴ ወይም ቀይ መብራት ይበራል። ጊዜ አነሰ የሚለው ሰበብ እዚህ አይሠራም።

የፌዴራሉ ሕገ መንግሥትም በሩን አልዘጋም። በአንቀጽ 1 ክፍል 5 ከተገኙት አባላት አንድ አምስተኛው ከጠየቁ ድምፁ በየስሙ በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍር ይደነግጋል። የፕሬዚዳንት ተቃውሞ በሚሻርበት ጊዜ ደግሞ የስም ምዝገባው ግዴታ ነው። በ1986 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ሬገን የፀረ አፓርታይድ ሕጉን ውድቅ ባደረጉ ጊዜ የተወካዮች ምክር ቤት በ313 ለ83፣ ሴኔቱም በ78 ለ21 ተቃውሟቸውን ሽረው ሕጉን አጸኑት። ከደቡብ አፍሪካ ሕዝብ ጎን ማን እንደቆመና ማን እንዳልቆመ ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዛሬ በስም ይታወቃል።

በእኛ ጉዳይ ግን የ2018ቱ የመጀመሪያ አልነበረም። ኦክቶበር 2 ቀን 2007 እ.ኤ.አ. በዶናልድ ፔይን የቀረበው ረቂቅ ሕግ ቁጥር 2003 በዚሁ ምክር ቤት፣ በዚሁ በቃል ድምፅ አለፈ። ያኛው እንደ 128ቱ የአቋም መግለጫ ሳይሆን ሕግ የሚሆን ረቂቅ ነበር። ሴኔት ደርሶ እዚያው ከኮንግረሱ ዘመን ጋር ሞተ። የተወካዮች ምክር ቤት በስም ተቆጥሮ በሰፊ ልዩነት አሳልፎት ቢሆን ኖሮ ሴኔቱ ያን ያህል በቀላሉ ይረሳው ነበርን? እርግጠኛ መሆን ባይቻልም፣ ለሴናተሮቹ ረዳቶች የምናሳየው ቁጥር ቢያንስ በእጃችን ይኖር ነበር። በሰሜኑ ጦርነት ወቅት የቀረቡት የሴኔቱ 3199 እና የተወካዮች ምክር ቤቱ 6600 ደግሞ በሙሉ ጉባኤ ድምፅ ሳይሰጥባቸው ዘመኑ አበቃ። በእነዚያ ረቂቆች ላይ ወገናችን ለሁለት ተከፍሎ እንደነበር ማስታወስ ያሳምማል፤ ደጋፊውም ተቃዋሚውም ግን እንደራሴው የት እንደቆመ ሳያውቅ ቀረ። በዚያው ጊዜ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የንግድ ዕድል ያስወጣው፣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ የፋብሪካ ሠራተኞችን እንጀራ የነካው እርምጃ፣ በፕሬዚዳንቱ የተወሰነ እንጂ እንደራሴዎች ድምፅ የሰጡበት አልነበረም።

የዚህ አቋም ተቃዋሚዎች ጠንካራ መከራከሪያ አላቸው። የስም ድምፅ ከተጠየቀ አመራሩ አጀንዳውን ጨርሶ ሊያነሣው ይችላል፤ በቃል ድምፅ የሚያልፍ ውሳኔ በአንድ ድምፅ እንዳለፈ ስለሚቆጠር ለአዲስ አበባ የሚያስተላልፈው መልእክት የበለጠ ይሰማል ይላሉ። በኦክቶበር 2017 ቀጠሮው የታጠፈበትን ሰው ይህ ስጋት አያስደንቀውም፤ እኛም በዚያን ጊዜ ብንጠየቅ ምናልባት ዝም ማለትን እንመርጥ ነበር። ነገር ግን የቃል ድምፅ የሚጠቅመው የዕለቱን ዜና ነው። ኮፍማን በዚያው ዓመት ኖቬምበር ምርጫ ተሸነፉ፤ የኮሚቴው ሰብሳቢ ኤድ ሮይስም ጡረታ ወጡ፤ በጃንዋሪ 2019 አዲስ ኮንግረስ ሲገባ የውሳኔ ሐሳቡ ባለቤት አልባ ሆነ። ወደ ሴኔት የማይሄድ፣ ፕሬዚዳንቱም የማይፈርምበት ሰነድ ስለነበር ሕጋዊ ቅርስ አልተወም። የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጁ በግንቦት 28 ቀን 2010 ዓ.ም. መነሣቱና ኋላም የሲቪክ ማኅበራት ዐዋጅ መለወጡ በአብዛኛው የአገር ቤት ታጋዮች ዋጋ የከፈሉበት ነው፤ ለ128ቱ ከድርሻው በላይ ልንሰጠው አይገባም።

አትላንታን ለ33 ዓመታት የወከሉት ጆን ሉዊስ በጁን 2016 እ.ኤ.አ. ከባልደረቦቻቸው ጋር የምክር ቤቱ ወለል ላይ የተቀመጡት ለጦር መሣሪያ ቁጥጥር ረቂቅ ድምፅ ይሰጥበት ብለው ነበር። የምክር ቤቱ አብዛኛው ክፍል በሌላው ፓርቲ እጅ ስለነበር ድምፁ ቢሰጥ ሊሸነፉ እንደሚችሉ ከማንም በላይ ያውቁ ነበር። የጠየቁት ማሸነፍን ሳይሆን እያንዳንዱ አባል በስሙ እንዲቆም ነው። ድምፁም አልተሰጠም፤ የጥያቄው ምንነት ግን ለእኛ ግልጽ ሊሆንልን በተገባ ነበር።

ስለዚህ በዲካልብ፣ በግዊኔትና በፉልተን የምትኖሩ አባሎቻችን ወደ እንደራሴዎች የአካባቢ ጽሕፈት ቤት ስትሄዱ «ይደግፉልን» ብላችሁ ብቻ አትመለሱ። ስለ ኢትዮጵያ የሚቀርብ ረቂቅ ወይም የውሳኔ ሐሳብ በስም በተመዘገበ ድምፅ እንዲወሰን እንደራሴው ይጠይቁ እንደሆነ በጽሑፍ መልስ ጠይቁ። በተወካዮች ምክር ቤት ለዚህ 44 አባላት ከመቀመጫቸው መነሣት ይበቃል፤ 128 ላይ የፈረሙት ከዚህ ከእጥፍ በላይ ነበሩ። ለረዳቶቹ የምንለው ደግሞ አለ፦ የአቋም መግለጫ ከምታረቅቁልን ይልቅ በውጭ ጉዳይ የበጀት ሕግ ውስጥ አንዲት አንቀጽ ብታስገቡልን እንመርጣለን፤ በጀት ዘወትር ድምፅ ይሰጥበታልና።

ለአዲስ አበባው ምክር ቤት የምናቀርበው ጥያቄ ከዚህ ያነሰ አይደለም። ቢያንስ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ በሚጠይቁ ጉዳዮች ላይ የእያንዳንዱ አባል ስምና ድምፅ ከጉባኤው ማግስት ለሕዝብ ይውጣ። የሐዋሳው፣ የጎንደሩም ሆነ የጅማው መራጭ በአትላንታ ላለነው የምንጠይቀውን መብት ለራሱ ሊያገኝ ይገባል።

አጀንዳው በቃል ድምፅ ከማለፍ ሊድን ያልቻለ እንደሆነ ደግሞ አንድ ቀዳዳ ይቀራል። በእንዲህ ያለ ክርክር ላይ አባላት በአብዛኛው በአምስት የጉባኤ ቀናት ውስጥ የጽሑፍ መግለጫ በኮንግረሱ መዝገብ እንዲያስገቡ ይፈቀድላቸዋል። መዶሻው በወረደበት ቀን ከሰዓት በኋላ ስልክ ደውሉ፤ የእንደራሴያችሁ ስም ከአምስቱ ቀናት በፊት መዝገቡ ላይ መግባቱንም ራሳችሁ ፈልጋችሁ አረጋግጡ።