ኮሶን አትጠጡ፤ ዛፉን ግን አትቁረጡ



ባለፈው ሰሞን አንዲት እናት የዘጠኝ ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው አድሮ ዓይኑ ጎድጉዷል። ሰገራው ላይ ነጭ፣ ጠፍጣፋ፣ የሚንቀሳቀስ ነገር አይታ ኮሶ በጥብጣ አጠጥታዋለች። «ዶክተር፣ እኛ እኮ በየሁለት ወሩ እየጠጣን ነው ያደግነው። ምን ሆንን?» አለችኝ። ልጁ በፈሳሽ ታክሞ ድኗል፤ የእሷ ጥያቄ ግን መልስ ይገባዋል።

ስለ ኮሶ ባወራሁ ቁጥር ሁለት ዓይነት ወቀሳ ይመጣብኛል። አንዱ፦ «የአባቶቻችንን መድኃኒት አታጣጥዪ፤ ተፈጥሮ አይጎዳም» ይላል። ሌላው፣ አንዳንዴም ከሙያ ባልደረቦቼ፦ «ኪኒኑ ካለ ዛፉ ምን ያደርጋል? ለጣውላ ይሁን» ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል። የሚገርመው ስህተታቸው አንድ ነው፤ ኮሶ ሁሉ አንድ ይመስላቸዋል።

ኮሶ ግን አንድ አይደለም። ወንዴና ሴቴ ዛፉ የተለያየ ነው። ለመድኃኒት በብዛት የሚለቀመው ቀላ ያለው የሴቴዋ አበባ ነው። ከተለያዩ የኢትዮጵያ ደኖች በተወሰዱ ናሙናዎች ላይ የተሠሩ የዘረመል ጥናቶችም የአንዱ አካባቢ ኮሶ ከሌላው እንደሚለይ አሳይተዋል። በዚህ ላይ አበባው የተለቀመበት ጊዜና የተቀመጠበት ሁኔታ ኃይሉን ይለውጠዋል።

ለመጀመሪያዎቹ ወቃሾች የምለው ይህ ነው። አባቶቻችን አልተሳሳቱም፤ ኮሶ ትሉን ያስወጣል። እናንተ ግን በስኒ የምትለኩት ዱቄት ውስጥ መድኃኒቱ ምን ያህል እንደሆነ አታውቁም። የዛሬው ስኒ ምንም ላይሠራ፣ የነገው ሊመርዝ ይችላል። ኮሶ ከጠጡ በኋላ የዓይን ነርቫቸው የተጎዳና ማየት የተሳናቸው ሰዎች በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግበዋል። ነፍሰ ጡር እናት ደግሞ ፈጽሞ መቅመስ የለባትም፤ ጽንሱን ሊያስወርድ ይችላል። «እኛ ምን ሆንን?» የሚለው የተረፉት ሰዎች ጥያቄ ነው፤ የተጎዱት አብረውን ተቀምጠው አይመልሱልንም።

ለሁለተኞቹ ደግሞ፦ አንድ ኪኒን ስላገኘን መድኃኒት ፍለጋው አበቃ ያለው ማን ነው? እንዶድን አስታውሱ። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ አካባቢ ልብስ በእንዶድ በሚታጠብበት ወንዝ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ፤ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉትን ማለት ነው። ሥራው በዚያ አላበቃም። ከተለያዩ ቦታዎች የተሰበሰቡ የእንዶድ ዓይነቶች ተወዳድረው «ዓይነት 44» የሚባለው ተመረጠ፤ ቀንድ አውጣን በመግደል ኃይሉ ስለበለጠ። የተለያየ እንዶድ በዱር ባይኖር ኖሮ ከምን ይመረጥ ነበር?

የኮሶም ነገር እንደዚሁ ነው። ከአንድ ቤት ልጆች አንዱ ጉንፋን ይዞት ሲተኛ ሌላው ሲሯጥ ይውላል። ዛፎችም በድርቅና በበሽታ ሲፈተኑ የሚተርፉት እርስ በርስ ስለሚለያዩ ነው። እኛ ግን ኮሶን ለጣውላና ለእርሻ መሬት እየቆረጥን፣ በየተራራው የቀሩትን ጥቂት ዛፎች ለየብቻቸው አስቀርተናቸዋል። የሴቴዋን ቅርንጫፍ ለአበባው ስንዘነጥፍ ደግሞ ዘሩ ሳይበስል ይቀራል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶን ከዋንዛ፣ ከዝግባና ከጽድ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር። መጥረቢያው ግን አላረፈም።

«ችግኝ እንተክላለን» የሚል አይጠፋም። መትከሉ ደግ ነው። ግን ከአንዲት እናት ዛፍ በተለቀመ ዘር ሺህ ችግኝ ብናፈላ ሺህ ወንድምና እህት ተከልን እንጂ የጠፋውን አልመለስንም። የባሌ ኮሶ ከጠፋ የሰሜን ኮሶ አይተካውም። ዘር ከብዙ ዛፎች ይለቀም፤ ከዚያው ከአካባቢው ደን ይሁን። ከሁሉም በፊት ግን የቆመው ይጠበቅ።

ወላጆች፣ ከእናንተ የምፈልገው ይህን ነው፦

✅ የኮሶ ትል ምልክት ካያችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳማይድ አለ፤ መጠኑን ባለሙያ ይወስናል።
✅ ለልጆች ጥሬ ሥጋና ለብለብ አትስጡ፤ ሥጋው በደንብ ይብሰል።
✅ መጸዳጃ ቤት ተጠቀሙ። ከብቱ ትሉን የሚያገኘው በሰው ሰገራ ከተበከለ ሣር ነው።
✅ በግቢያችሁ ወይም በአካባቢያችሁ የቆመ ኮሶ ካለ አታስቆርጡ፤ አበባው ዘር እስኪሆን ተዉት።

በቤቷ ኮሶ ለምታጠጣ እናት ሁሉ አድርሱልኝ። ጥያቄ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ እመልሳለሁ።

መልካም ጤና!