ሳንለካ አንክፈል፦ ስለሚንቀራፈፉ ላፕቶፖቻችን

እህቶች፣ እሁድ እሁድ ዶራ ስንገናኝ ደጋግመን ከምንሰማው ወሬ አንዱ ይሄ ነው፦ «ላፕቶፔ ሞተብኝ፤ እሱ እስኪነሳ ቡና አፍልቼ እጨርሳለሁ።» ጠጋ ብለን ስንጠይቅ ላፕቶፑ አልሞተም። ይበራል፣ ይሠራል፣ ግን ይንቀራፈፋል። ከዚያ የሚመጣው ምክርም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «ለጠጋኝ ስጪውና ፎርማት ያድርግልሽ» ወይም «ሽጪውና ሌላ ግዢ።» እኔ የምለው ምን እንደሚያንቀራፍፈው ሳንለካ ገንዘብ አንክፈል፣ ማሽናችንንም ለሰው እጅ አንስጥ ነው። መለካቱ ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ምንም አይከፈልበትም። መለኪያውም እዚያው ላፕቶፑ ውስጥ አለ።

«ይሄ የወንዶች ሥራ ነው፣ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» የምትል አትጠፋም። እስቲ እንነጋገርበት። ላፕቶፖቻችን ውስጥ ያለው ፊልምና ዘፈን ብቻ ነው እንዴ? የፓስፖርትና የኢቃማ ፎቶ አለ። በዓረብኛ ተጽፎ የፈረምነው የኮንትራት ቅጂ አለ። ስንት ወር ደመወዝ እንዳልተከፈለን የያዝነው ማስታወሻ፣ ለቤተሰብ ገንዘብ የላክንበት ደረሰኝ፣ ከማዳም ጋር የተጻጻፍነው መልእክት አለ። የ1946ቱ የሊባኖስ የሥራ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን ከሕጉ ውጭ አድርጓታል። ሕጉ ላልሸፈናት ሴት ጋሻዋ በእጇ ያለው ማስረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በጁን 2020 ሃዝሚዬ በሚገኘው ቆንስላችን በር ላይ አሠሪዎቻቸው አውርደው ጥለዋቸው የሄዱትን እህቶቻችንን አንረሳም፤ ከእነርሱ ውስጥ ፓስፖርታቸው በእጃቸው ያልነበረ ነበሩ። እንዲህ ባለ ቀን አንዲት የወረቀት ቅጂ ምን ያህል ዋጋ እንዳላት ለእኛ አይነገረንም።

ታዲያ ፎርማት ማለት ምን ማለት ነው? በእኛ ሥራ ቋንቋ ስንናገረው፣ ቤቱን ለማጽዳት ብሎ ዕቃውን ሁሉ አውጥቶ መጣል ነው። ጠጋኙ አስቀድሞ ካልገለበጠልሽ ፎቶውም፣ ኮንትራቱም፣ ማስታወሻውም አብሮ ይሄዳል። ይባስ ብሎ የሚያንቀራፍፈው ነገር ያረጀ ሐርድ ዲስክ ወይም ያነሰ ሜሞሪ ከሆነ፣ ፎርማት ለጥቂት ሳምንታት ያቀለው ይመስልና ተመልሶ ያው ይሆናል። ገንዘቡም ሄደ፣ ፎቶውም ሄደ፣ ላፕቶፑም እንደ ድሮው። በዚያ ላይ ፓስወርድሽን ለማታውቂው ሰው ሰጥተሽዋል። የእናትሽን ፎቶ፣ የባንክ ደብተርሽን፣ የግል ወሬሽን ከፍቶ ማየት ይችላል ማለት ነው።

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ላፕቶፕ ደግሞ በሽታውን አይደብቅም፤ የምንጠይቀው እኛ ነን የጠፋነው። የዊንዶውስ ላፕቶፕ ያላችሁ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኤስኬፕ የሚሉትን ሦስት ቁልፎች አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር የሚባለው ይከፈታል። ከ1996 ጀምሮ በዊንዶውስ ውስጥ ያለ መሣሪያ ነው። ትንሽ መስኮት ሆኖ ከመጣባችሁ ከታች «ሞር ዲቴይልስ» የሚለውን ተጫኑ። ሲፒዩ፣ ሜሞሪ፣ ዲስክ የሚሉ ዓምዶች ከነፐርሰንታቸው ይታያሉ። ማየት ያለባችሁ ታዲያ ላፕቶፑ እየተንቀራፈፈ ባለበት ሰዓት ነው። ትኩሳት የሚለካው ሲያም ነው እንጂ ከዳኑ በኋላ አይደለም።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር አለ። ብዙዎቻችን ማታ «ሸት ዳውን» አድርገን ስለዘጋነው ያረፈ ይመስለናል። በዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ በፍጥነት እንዲነሳ ተብሎ የተሠራ ዘዴ ስላለ፣ ሸት ዳውን ሁሉን ነገር አያጠፋም። ሙሉ በሙሉ እንደ አዲስ የሚጀምረው «ሪስታርት» ስንል ነው። ለማረጋገጥ «ፐርፎርማንስ» ወደሚለው ገብታችሁ ሲፒዩ ሥር «አፕ ታይም» የሚለውን እዩ። በየቀኑ እየዘጋችሁት ሃያ ቀን ሳያርፍ እንደሠራ ሊነግራችሁ ይችላል። እንዲያ ከሆነ መጀመሪያ ሪስታርት አድርጉ። አንዳንዱ «የሞተ» ላፕቶፕ እዚህ ላይ ይድናል።

ካልዳነ ቁጥሮቹን እናንብብ። ስታበሩት ለመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሁሉም ቢሮጥ አትደንግጡ፤ ወደ አሥር ደቂቃ ታገሡት። ከዚያ በኋላ ሜሞሪውን ተመልከቱ። ሁልጊዜ ሰማንያና ዘጠና ፐርሰንት ላይ ከሆነ ጠቦታል ማለት ነው። 4 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕ ላይ ክሮም በአሥር ታብ፣ ቴሌግራምና ዩቲዩብ አንድ ላይ ሲከፈቱ አንድ ክፍል ውስጥ ስምንት ፍራሽ እንደ መዘርጋት ነው፤ ማለፊያ ይጠፋል። መፍትሔው የማይፈለገውን ታብ መዝጋት ነው። «ስታርታፕ» በሚለው ገብታችሁም ላፕቶፑ ሲበራ አብረው የሚነሱትን፣ የምታውቋቸውንና የማትፈልጓቸውን ፕሮግራሞች ብቻ «ዲስኤብል» አድርጓቸው። ስሙን የማታውቁትን አትንኩ። ይሄ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ከሞላ፣ ያን ጊዜ ራም መጨመር ይታሰባል።

ሜሞሪው ደህና ሆኖ ዲስኩ መቶ ፐርሰንት ላይ ተቸንክሮ የሚውል ከሆነ በሽታው ሌላ ቦታ ነው። «ፐርፎርማንስ» ውስጥ ዲስክ የሚለውን ስትጫኑ፣ አዲስ በሆኑት የዊንዶውስ ስሪቶች ላይ ኤችዲዲ ወይም ኤስኤስዲ የሚል ጽሑፍ ታገኛላችሁ። ኤችዲዲ የድሮው ዓይነት ነው። ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን አለው፤ በብዙ ላፕቶፖች ላይ በደቂቃ 5400 ጊዜ ይዞራል፣ ለማንበብም መርፌው እየዞረ መፈለግ አለበት። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሌለው የተጠየቀውን ወዲያው ያቀብላል። ላፕቶፑ ኤችዲዲ ከሆነና ዲስኩ መቶ ላይ ከዋለ፣ ኤስኤስዲ ማስገባት ከምንም ጥገና በላይ ይለውጠዋል። ሁለቱም፣ ሜሞሪውም ዲስኩም፣ ከሞሉ ግን መጀመሪያ የሚታየው ሜሞሪው ነው፤ ቦታ ሲያጣ ትርፉን ወደ ዲስኩ ስለሚያራግፍ ዲስኩንም ያጨናንቀዋል። ይህን ሳይለዩ አንዱን መግዛት ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

ሲፒዩ ከሆነ የሞላው፣ ዓምዱን ስትጫኑ ትልቁን ድርሻ የያዘው ፕሮግራም ከላይ ይመጣል። አንዳንዴ ሁለት አንቲቫይረስ አንድ ላይ ተጭነው ሲጣሉ ይገኛል። ዊንዶውስ የራሱ ስላለው ተጨማሪውን ማጥፋት ይቻላል። «ላፕቶፕሽን በነፃ እናፍጥንልሽ» እያለ ብልጭ የሚለውን ማስታወቂያ ግን አትንኩት፤ ራሱ በሽታ ይዞ ሊመጣ ይችላል።

ሦስቱም ቁጥሮች ዝቅ ብለው ዌብሳይት ብቻ የሚዘገይ ከሆነስ? እንግዲያው የተንቀራፈፈው ኢንተርኔቱ ነው። ላፕቶፑ ውስጥ ያለ ፎቶ ክፈቱ። ወዲያው ከተከፈተ ማሽኑ ጤነኛ ነው። ለኢንተርኔት በሽታ ላፕቶፕ ማስጠገን ለእግር ሕመም የዓይን ጠብታ እንደ መግዛት ነው።

ሁለት ነገር ደግሞ ከኑሯችን ጋር የተያያዘ ነው። አንደኛው ሙቀት። ክፍላችን ጠባብ ስለሆነ ላፕቶፑን ፍራሽ ወይም ብርድ ልብስ ላይ አድርገን ነው የምንከፍተው። የአየር መግቢያው ይታፈናል፤ ማራገቢያው ይጮኻል፤ ማሽኑም እንዳይቃጠል ብሎ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ሰፌድም ሆነ ትሪ፣ ጠንካራ ነገር ሥሩ አድርጉለት። ሁለተኛው መብራት ነው። ዳውላ ሄዶ ኢሽቲራክ እስኪመጣ ባለችው ደቂቃ፣ ባትሪው የሞተበት ላፕቶፕ ድርግም ይላል። እየጻፈ ሳለ እንዲህ በተደጋጋሚ ሲጠፋ ፋይል ይበላሻል። ቻርጀርም ቢሆን የራሱ ካልሆነና ኃይሉ ካነሰ፣ አንዳንድ ላፕቶፖች ሆን ብለው ይቀዘቅዛሉ።

አንድ ምልክት ግን ጊዜ አይሰጥም። ከውስጥ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ፣ ወይም ትናንት ይከፈት የነበረ ፋይል ዛሬ እምቢ ካለ፣ መለካቱንም ተዉት። ወዲያው ፓስፖርት፣ ኢቃማ፣ ኮንትራት፣ ደረሰኝ ወደ ፍላሽ ገልብጡ። ላፕቶፕ ይተካል፤ ያ ፎቶ አይተካም።

አሁን ወደ ክርክሩ ልመለስ። «በሳምንት አንድ ቀን ነው የማርፈው፣ እሷንም ለኮምፒውተር ልስጥ?» ለምትል እህቴ መልስ አለኝ። እረፍት ጭራሽ የሌላቸው እህቶችም እንዳሉን አውቃለሁ። እኔ ጠጋኝ ሁኚ አላልኩም። ዲስክ መቀየር የጠጋኝ ሥራ ነው፤ ይክፈሉት፣ ይሥራ። ግን «ቀርፋፋ ነው፣ እዩልኝ» ብላ የገባች ሴትና «ሜሞሪው አምሳ ፐርሰንት ነው፣ ዲስኩ ኤችዲዲ ነው፣ መቶ ላይ ይውላል፣ ኤስኤስዲ ቀይርልኝ» ብላ የገባች ሴት እኩል ሒሳብ አይጠየቁም። ሁለተኛዋ ሌላም ሁለት ነገር ትጨምር፦ «ያለውን ሁሉ እንዳለ ወደ አዲሱ ገልብጥልኝ፤ አሮጌውንም ዲስክ በእጄ መልስልኝ።» መገልበጥ ይቻላል፤ ፎርማት የግድ አይደለም። አሮጌው ዲስክም ማስረጃችን ያለበት ነውና እዚያ መቅረት የለበትም።

ይህ እውቀት ስንገዛም ያገለግላል። ለአገር ቤት ልጅ ወይም ለታናሽ እህት ትምህርት ብለን ያገለገለ ላፕቶፕ ከዚህ የምንልክ ብዙ ነን። ቡርጅ ሐሙድም ይሁን ሌላ ሰፈር፣ ገንዘብ ከመቁጠራችን በፊት ማሽኑን አስነስተን እነዚያን ሦስት ቁልፎች እንጫን። ራሙ ስንት ነው፣ ዲስኩ ምን ዓይነት ነው፣ ቻርጀሩ ሲነቀል ይቆያል ወይስ ድርግም ይላል? ሻጩ ይሄን ለማየት ከከለከለን መልሱን ሰጥቶናል፤ አመስግነን እንውጣ። ሌላም የሚባል አለ፦ «ዊንዶውስ 10 አልቋል፣ ያንቺ ላፕቶፕ አይሠራም።» ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን ያቆመው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ነው፤ ይሄ እውነት ነው። የሚቀረው ግን የደኅንነት ማሻሻያ ነው። እሱም ቀላል ነገር አይደለም፣ ሊታሰብበት ይገባል። ላፕቶፑን በዚያ ቀን ያንቀራፈፈው ግን ይህ አይደለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ይህን ሁሉ በራሳችን ማሽን ላይ ነው የምናደርገው። የማዳም ላፕቶፕ ቢንቀራፈፍም «እኔ አውቃለሁ» ብለን አንክፈተው፤ ነገ አንድ ፋይል ቢጠፋ ማን እንደሚጠየቅ የታወቀ ነው።

ለቡድናችን ያለኝ ሐሳብ ይሄ ነው። ወረቀት ሳናነብ አንፈርምም ብለን ስንት ጊዜ ተማከርን? ለማሽኖቻችንም እንዲሁ እናድርግ። አንድ ደብተር ይኑረን። ቀን፣ የላፕቶፑ ዓይነት፣ ሦስቱ ቁጥሮች፣ ምን እንደተደረገለትና ስንት እንደተከፈለ ይጻፍበት። ስልክና ፓስወርድ አይጻፍበት። ጥቂት ወራት ሲያልፉ የትኛው ጥገና እንደጠቀመና ለምን ያህል እንደተሠራ ከወሬ ሳይሆን ከደብተራችን እናውቃለን፤ አዲስ የምትመጣ እህትም ተታላ አትከፍልም። ሁለት እህቶች ማንበቡን ከለመዱ ሌሎቹን ያስተምራሉ። ቁጥሩ በእንግሊዝኛ ነው ብላችሁ አትፍሩ፤ መቶ በየትኛውም ቋንቋ መቶ ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው እሁድ የተንቀራፈፈ ላፕቶፕ ያላችሁ ከነቻርጀሩ ይዛችሁት ኑ። ባዶ ፍላሽም አትርሱ። መጀመሪያ ወረቀቶቻችሁን እንገለብጣለን፣ ከዚያ እንለካለን። ጠጋኝ ቤት መሄድ ካስፈለገም ምን እንደምትጠይቁ አውቃችሁ ትሄዳላችሁ።