ከደመወዟ አስቀንሳ ፊልሙን የወሰደችው ተዋናይት

በ1951 (በዚህ ጽሑፍ የሕይወት ታሪኳን የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ሲቢኤስ የተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ጣቢያ አንድ አዲስ ኮሜዲ ለመጀመር ይደራደር ነበር። በአንድ ወገን ጣቢያውና ስፖንሰሩ፣ ማለትም የሲጋራ ኩባንያው ፊሊፕ ሞሪስ፣ በሌላው ወገን ተዋናይቷ ሉሲል ቦልና ኩባዊው ባለቤቷ ዴሲ አርናዝ ተቀምጠዋል። ጣቢያውና ስፖንሰሩ ዝግጅቱ ከኒውዮርክ በቀጥታ እንዲተላለፍ ፈለጉ። ባልና ሚስቱ ደግሞ ከሎስ አንጀለስ አንነቃነቅም፣ የምንሠራውም በፊልም ተቀርጾ ነው አሉ። ፊልም ወጪው ብዙ ነው ተባሉ። እንግዲያው ከሳምንታዊ ክፍያችን 1,000 ዶላር ይቀነስና የተቀረጸው ፊልም የእኛ ይሁን ሲሉ ጠየቁ። ጣቢያው እሺ አለ። በዚያ ዘመን አንድ ጊዜ የታየ ኮሜዲ ተመልሶ ገበያ ያወጣል ብሎ የሚያስብ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል።

እኔ ለቴሌቪዥን ኮሜዲ ድርሰት እየጻፍኩ የምኖር ሰው ነኝ። የሉሲል ቦል ስም ሲነሳ ሰው የሚያስታውሰው ቀይ ፀጉሯን፣ የሚፈጡ ዓይኖቿንና በየክፍሉ የምትገባበትን ጣጣ ነው። እኔ ከሁሉ አስበልጬ የማከብርላት ያንን ውል ነው። ሰውን ማሳቅ ላብ የሚፈስበት ሥራ ነው፤ የሠራ ሰው ደግሞ ከሥራው ፍሬ ድርሻ ይገባዋል። የእሷን ሕይወት ያነሳሁትም ይህንን ለማለት ነው።

ሉሲል ኦገስት 6 ቀን 1911 በኒውዮርክ ግዛት ጄምስታውን በምትባል ከተማ ተወለደች። የስልክ መስመር ሠራተኛ የነበረው አባቷ አራት ዓመት ሳይሞላት በታይፎይድ ሞተ። አያቷ የመድረክ ትርዒት ወዳድ ነበሩና እጇን ይዘው ይወስዷት ነበር። በ1927 አያቷ ግቢ ውስጥ ልጆች ኢላማ ሲተኩሱ አንድ የጎረቤት ልጅ በጥይት ተመትቶ ሽባ ሆነ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰና ቤተሰቡ ቤቱን አጣ። ዕድሜ ልክ የተለፋበት ነገር ከእጅ ሲወጣ ምን እንደሚመስል ያየችው ገና በአሥራዎቹ ዕድሜዋ ሳለች ነው።

ኒውዮርክ ከተማ የትወና ትምህርት ስትጀምር መምህራኑ ይህች ልጅ የትም አትደርስም፣ ገንዘብዎን አያባክኑ ብለው ለእናቷ ጻፉ። በዚያው ትምህርት ቤት የሚደነቅላቸው ተማሪ ቤቲ ዴቪስ ነበረች። ሉሲል ወደ ልብስ ማሳየት ሥራ ገባች፤ በዚያም ላይ የመገጣጠሚያ ሕመም ያዛትና ለረጅም ጊዜ ከሥራ ራቀች። ስትድን በ1933 ሆሊውድ ሄዳ ከአጃቢ ዳንሰኞች መሀል ቆመች። በ1930ዎቹ አርኬኦ በተባለው ስቱዲዮ ውስጥ ከትንንሽ ሚና ወደ መካከለኛ ሚና እያለች አዘገመች። ወደ ኤምጂኤም የተዛወረችው በ1940ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን ፀጉሯም ቀይ የተቀባው በዚያ ጊዜ ነው። የድምፅ አልባው ፊልም ንጉሥ በስተር ኪተን ያኔ ዝናው ጠፍቶ በዚያው ስቱዲዮ በቀልድ አማካሪነት ይሠራ ነበር። ሌሎች መልኳን ሲያዩ እሱ ያየው የማሳቅ ችሎታዋን ነው። መድረክ ላይ የምትይዢውን ዕቃ ጠንቅቀሽ እወቂ፣ ተለማመጂበት፣ አክብሪው ብሎ ያስተማራት እሱ ነው።

በ1948 ሲቢኤስ ሬዲዮ ላይ የአንዲት ባለትዳር ሴት ኮሜዲ ጀመረች፤ ተወደደላት። ጣቢያው ወደ ቴሌቪዥን እናምጣው ሲላት ባሌን የሚጫወተው እውነተኛው ባሌ ይሁን አለች። አለቆቹ አንገራገሩ፤ አነጋገሩ የሚያስታውቅበትን ኩባዊ የአንዲት አሜሪካዊት ባል ነው ብሎ ማን ይቀበላል የሚል ነበር ሥጋታቸው። ልብ በሉ፣ ሁለቱ ከተጋቡ አሥር ዓመት ሊሞላቸው ነው። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይላል የኛ ሰው። እነሱም መናገር ብቻ ሳይሆን አሳዩ። በ1950 ቀልዳቸውን ይዘው በየከተማው ቴአትር ቤት ዞሩ፤ ሕዝቡ ሳቀ፤ ጣቢያው ተሸነፈ። «አይ ላቭ ሉሲ» ኦክቶበር 15 ቀን 1951 ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ተዋናይቷ ያኔ 40 ዓመቷ ነበር፤ የመጀመሪያ ልጇንም ገና በዚያው ዓመት ጁላይ መውለዷ ነው።

በፊልም የመቅረጹ ጉዳይ ግትርነት አልነበረም። በቀጥታ የተላለፈ ዝግጅት በሌላ ከተማ እንዲታይ ከተፈለገ የቴሌቪዥኑ መስኮት ራሱ በፊልም ካሜራ ይቀረጽ ነበር፤ የሚወጣው ምስል ደብዛዛ ነው። ዴሲ ጀርመን ውስጥ «ሜትሮፖሊስ» የተባለውን ፊልም ከቀረጹት ባለሙያዎች አንዱ የሆነውን ካርል ፍሮይንድን ጠራ። ፍሮይንድ መብራቱን ከላይ ሰቅሎ፣ ሦስት ባለ 35 ሚሊሜትር ካሜራዎች በአንድ ጊዜ እየተንቀሳቀሱ ተመልካች ፊት እንዲቀርጹ አደረገ። ተዋናዩ ሳያቋርጥ እንደ ቴአትር ይጫወታል፣ ተመልካቹ እዚያው ይስቃል፣ ምስሉ የሲኒማ ጥራት ይኖረዋል። ከዚያ በኋላም ብዙ ተከታታይ ኮሜዲ የተሠራው በዚህ መንገድ ነው።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። ሉሲል ካሜራ ፊት እንደመጣላት የምትጫወት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እሷ ግን ከስክሪፕቱ ውጭ አትወጣም ነበር። ሳምንቱ በንባብ ይጀመራል፣ በልምምድ ይቀጥላል፣ ተመልካች ገብቶ የሚቀረጸው በመጨረሻ ነው። ከጸሐፊዎቹ አንዷ ማደሊን ፑ፣ አንዲት ሴት ልትሠራው ትችል እንደሆነ ለማረጋገጥ የጻፈችውን አስቸጋሪ እንቅስቃሴ አስቀድማ በራሷ ትሞክረው ነበር። እንደ ድርሰት ጸሐፊ ይህን ሳነብ እኮራለሁ።

ሜይ 5 ቀን 1952 የታየውን ክፍል ውሰዱ። ሉሲ ቪታሚታቬጀሚን የሚባል የኃይል ሰጪ ሽሮፕ ልታስተዋውቅ ተቀጥራለች። ሽሮፑ 23 በመቶ አልኮል አለበት፤ እሷ አታውቅም። ለልምምድ በማንኪያ ትቀዳና ትውጣለች። የመጀመሪያው ጉንጭ ላይ ፊቷ ሁሉ ይጨማደዳል፤ ወዲያው ማስታወቂያ መሆኑ ትዝ ይላትና በዚያው በተጨማደደ ፊት ላይ ፈገግታ ልትሠራ ትታገላለች። እኔ ይህንን ቦታ እያቆምኩ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ጉንጯ ወደ ላይ ሲሄድ ከንፈሯ ገና ምሬቱ ላይ ነው፤ ዓይኗ ከአንገቷ በፊት ወደ ካሜራው ይዞራል። ከዚያ በየልምምዱ አንድ አንድ ነገር ይፈታል፦ መጀመሪያ ትከሻዋ፣ ቀጥሎ ምላሷ፣ ከዚያ የሽሮፑ ስም ፊደሎች ቦታ ይለዋወጣሉ፣ በመጨረሻ ማንኪያው ጠርሙሱን ያጣዋል። የስካሩ ደረጃ አንዱም አይዘለልም። ሰክሮ መውደቅን ማንም ይጫወተዋል፤ እሷ የተጫወተችው ቀስ በቀስ እየሰከሩ ስካርን መደበቅን ነው። ይህ በተሰጥኦ ብቻ አይገኝም፤ በልምምድ የተገዛ ነው።

በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ በታየው የቸኮሌት ፋብሪካ ክፍል ደግሞ እሷና አብራት የምትተውነው ቪቪያን ቫንስ ከፊታቸው የሚያልፈውን ቸኮሌት እንዲጠቀልሉ ይታዘዛሉ። ማጓጓዣው ሲፈጥንባቸው ቸኮሌቱን አፋቸው፣ ባርኔጣቸውና ደረታቸው ውስጥ ይወሽቁታል። ሥራው ከአቅሙ በላይ እየሆነበት አለቃ ሲመጣ የተስተካከለ ለመምሰል የሚጥር ሰው ሁሉ ራሱን ያያል። ለዚህ ነው የሰባ ዓመት ቀልድ በማናውቀው አገር ተሠርቶ እኛንም የሚያስቀን።

እርግዝና በቴሌቪዥን መታየቱ ነውር በነበረበት ጊዜ ሁለተኛ ልጇን ስታረግዝ እርግዝናው የታሪኩ አካል ሆነ። ስክሪፕቱ ቄስ፣ ፓስተርና ራባይ እያዩት አለፈ። ጃንዋሪ 19 ቀን 1953 ሉሲ በቴሌቪዥን ወንድ ልጅ ስትወልድ ሉሲልም በዚያው ቀን ሆስፒታል ውስጥ ወንድ ልጅ ተገላገለች። ወደ 44 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተመለከተው። በማግሥቱ የተካሄደው የፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በዓለ ሲመት እንኳ ይህን ያህል ተመልካች አላገኘም።

የዚያ 1,000 ዶላር ትርጉም የታየው ከዚህ በኋላ ነው። ፊልሞቹ ተመልሰው ሲታዩ ሕዝቡ ዳግም ሳቀ። ጣቢያው በ1951 ዋጋ ያልሰጠውን መብት በ1950ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ከባልና ሚስቱ ኩባንያ ከዴሲሉ በብዙ ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ዴሲሉ ገንዘብ ሲያገኝ በ1957 የአርኬኦን ስቱዲዮዎች ገዛ። ሉሲል ከሃያ ዓመት በፊት በትንሽ ሚና ተቀጥራ የምትመላለስበት ግቢ ባለቤት ሆነች።

ትዳሩ ግን አልዘለቀም፤ በ1960 ተፋቱ። በ1962 የዴሲን ድርሻ ገዝታ ትልቅ የቴሌቪዥን ስቱዲዮ በመምራት የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ቀን ትተውናለች፣ በሌላው ሰዓት የኩባንያውን ሒሳብ ታያለች። የቦርዱ ሰዎች «ስታር ትሬክ» የተባለው ተከታታይ ፊልም ወጪው ያከስረናል ሲሉ እሷ ይሠራ አለች። «ስታር ትሬክ»ም «ሚሽን ኢምፖሲብል»ም በ1966 ለእይታ የበቁት ከእሷ ስቱዲዮ ወጥተው ነው። በ1967 ኩባንያውን በ17 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሸጠች። ራሷ በዋና ተዋናይነት የቀጠለችባቸው ተከታታይ ኮሜዲዎች እስከ 1974 ዘለቁ።

መጨረሻው ሁሉ ድል አልነበረም። በ1986፣ በ75 ዓመቷ፣ ወደ ቴሌቪዥን ስትመለስ አዲሱ ኮሜዲ ስምንት ክፍል ብቻ ታይቶ ተሰረዘ፤ ክፉኛ አዘነች። በ1989 ኤፕሪል 26 አረፈች። የተሰረዘው ኮሜዲ ስሟን አልቀነሰውም፤ ምክንያቱም የደከመችባቸው ፊልሞች በጥራት ተቀርጸው፣ በጥንቃቄ ተቀምጠው፣ ከትውልድ ወደ ትውልድ ይታያሉ። በትውልድ ከተማዋ በጄምስታውን በ2018 የተከፈተው የአሜሪካ ብሔራዊ የኮሜዲ ማዕከልም የእሷ ስም ባይኖር እዚያ ባልተሠራ ነበር።

ወደ እኛ ሰፈር ልምጣ። አንዲት የማከብራት ተዋናይት ሜካፕ እየተቀባች፣ ካሜራው በርቶ ሁሉም እየጠበቃት፣ ጭኗ ላይ በተቀመጠ ወረቀት ስትፈርም አይቻለሁ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሥራው «በማንኛውም ሚዲያ ያለ ጊዜ ገደብ» የድርጅቱ እንደሚሆን ተጽፏል። ለማንበብ ጊዜ አልተሰጣትም። በኋላ ያ ኮሜዲ ተቆራርጦ ዩቲዩብ ላይ ዋለ፤ ሚኒባስ ውስጥ ሰው በስልኩ እያየ በእሷ ሲስቅ እሷ አጠገቡ ተቀምጣ ሒሳብ ትከፍላለች። ከመጀመሪያው ክፍያ በኋላ አንድ ብር አልደረሳትም። እንዲህ ያለ ታሪክ የማያውቅ የሙያ ጓደኛ የለኝም።

ገንዘቡን ያወጣው፣ ኪሳራውንም የሚሸከመው ፕሮዲውሰሩ ነው የሚል ክርክር አለ። እውነት ነው፤ ይህን የሚክድ ፍትሐዊ ሰው አይደለም። ሉሲልና ዴሲም ባለቤትነቱን በነፃ አልወሰዱም፤ ከደመወዛቸው ከፍለውበታል። የኔም ጥያቄ ፕሮዲውሰሩ ይነጠቅ የሚል አይደለም። ተዋናይና ጸሐፊ ዛሬ ጥቂት ተቀንሶባቸው ነገ ድርሻ እንዲያገኙ የሚያስችል ምርጫ ይቅረብላቸው ነው የምለው። በ«አይ ላቭ ሉሲ» ዋናው ፕሮዲውሰርና ጸሐፊ ጄስ ኦፐንሃይመርም ከትርፉ ድርሻ ነበረው፤ ድርሻ ያለው ሰው የሚጽፈው እንደ ባለቤት ነው።

ይህ ለአገራችን ሕግም ባዕድ አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 እና ማሻሻያው ቁጥር 872/2007 የሥራ አመንጪንም የከዋኝንም መብት ያውቃሉ። የጎደለው ውሉ ላይ ነው። ስለዚህ ፕሮዲውሰሮቻችን ውሉን በቀረጻው ቀን ሳይሆን ከሳምንት በፊት ይስጡ። መብቱ ለስንት ዓመት እንደሚተላለፍ ይጻፍ። ሥራው ተደግሞ ሲታይና ኢንተርኔት ላይ ገቢ ሲያስገባ ለተዋናዩና ለጸሐፊው የሚደርሰው በመቶኛ ይቀመጥ። ዋናው ቅጂ የት፣ በማን እጅ እንደሚቀመጥም ይታወቅ፤ ያልተቀመጠ ሥራ ለባለቤቱም ለአገርም አይሆንም።

ለሙያ ጓደኞቼም የምለው አለኝ፤ ለሴቶቹ በተለይ፣ ለመደራደር ስትነሱ «ኮራች» የምትባሉት እናንተ ናችሁና። በልምምድ ያገኛችሁት ችሎታ ንብረታችሁ ነው፤ ስለ ንብረቱ መጠየቅ ኩራት አይደለም። የሚቀጥለው ውል ሲቀርብላችሁ ስንት ይከፈለኛል ከማለታችሁ በፊት ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፦ ቅጂው የማን ነው? እስከ መቼ? መልሱ በጽሑፍ ሳይሰጣችሁ አትፈርሙ።